ትከሻዬ ጎጃም ቀርቶ

(በሆሳዕና ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)



አዘጋጆቹ «ሰው ከአገሩ ወጥቶ ከሌላ ባህል የጭፈራ ቡድን ጋር እንዴት ይላመዳል? በዚህ ላይ ተናገር» ሲሉኝ፣ መጀመሪያ የመለስኩላቸው «ሰው ተሳስታችኋል» ብዬ ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ጭፈራ አላጠናሁም። አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ብዙዎቻችሁ እያያችሁኝ፣ ደጋግሜ ተሳስቻለሁ። «እሱኑ ንገረና» አሉኝ። እንግዲህ እሱኑ ልንገራችሁ። መሳቅ ይፈቀዳል።

የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው። ወደ ሆሳዕና ስመጣ አንድ ሻንጣ፣ ጥቂት መጻሕፍትና አንድ ትልቅ እብሪት ይዤ ነበር። እብሪቱ «መጨፈር እችላለሁ» የሚል ነው። ጎጃም ያደገ ሰው እስክስታ አልችልም ቢል ማን ያምነዋል? በዚያ ላይ ኮሌጅ ሳለሁ የኪነት ክበብ አባል ነበርኩ። የትግራዩን፣ የጉራጌውን፣ የኦሮሞውን በየተራ ልብስ እየቀየርን ስንወዛወዝ፣ አዳራሹ ሲጮህልን፣ የኢትዮጵያን ጭፈራ ሁሉ በኪሴ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ «የደቡብ ውዝዋዜ» የምንለው ነው። ያኔ የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል 56 ብሔረሰቦች ያሉበት ክልል ነው ይባል ነበር። እኛ ለ56ቱም አንድ ውዝዋዜ አዘጋጅተን ነበር፤ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። ወገቡን ከወላይታ፣ ጭብጨባውንና ዝላዩን ከጉራጌ ወሰድን። የቀረውን ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ካየነው ለቃቀምን። መጨረሻው እንዲያምር ደግሞ ትከሻ ጨመርንበት፤ የራሳችንን ትከሻ። ዛሬ እዚህ ከከምባታ፣ ከሀድያ፣ ከሀላባ፣ ከስልጤ የመጣችሁ ሰዎች ፊት ይህን ስናገር ጉንጬ ይሞቃል።

ሆሳዕና በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ና፣ ልጆቹ ይለማመዳሉ» አለኝ። ለያሆዴ ነበር የሚዘጋጁት። ያሆዴ የሀድያ ዘመን መለወጫ መሆኑን፣ በመስከረም አጋማሽ እንደሚከበር፣ በዋዜማው አታካና እንደሚበላ በወሬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ያለፈ አላውቅም። ሄድኩ። ሲሚንቶ ወለል ያለው ጠበብ ያለ አዳራሽ ነው። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ነበሩ፤ ልብስ ሰፊ፣ ባጃጅ ነጂ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ተማሪዎች። በጭፈራ እንጀራ የሚበላ አንድም ሰው የለም፤ ሥራ ሲያልቅ ነው የሚሰበሰቡት። ከነሱ መካከል አንድ ብቻ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ነበሩ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን በምቱ ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ።

«መምህር፣ ይሞክሩ እስቲ» አሉኝ። እኔም ሞከርኩ። ያቺን ስድስት ደቂቃ ከነወገቧ፣ ከነዝላይዋ፣ ከነትከሻዋ አወረድኩላቸው። ጨርሼ ቀና ስል ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ፤ ማታ ቤቴ ስገባ እንኳ ፈገግታዬ አልጠፋም ነበር። ጭብጨባው ምን እንደሆነ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሲሳሳት አያጨበጭቡለትም፤ ይስቁበታል፣ ይጎሽሙታል፣ «ድገም» ይሉታል። የሚጨበጨብለት እንግዳ ነው። ያን ቀን እንግዳነቴን በትሕትና እየነገሩኝ ነበር፤ እኔ ሽልማት መስሎኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ባጃጅ ነጂው ደፈር ብሎ ነገረኝ። «መምህር፣ እግርዎ እየመጣ ነው። ትከሻዎ ግን ጎጃም ቀርቷል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ ነው መላመድ የጀመርኩት፤ ከሚሳቅባቸው ሰዎች ተራ ገባሁ ማለት ነው። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ከዚያ ብር፣ ሲከርም ብረት ነው ይባላል። ተረቱ እንግዳው እየረከሰ መሄዱን ሊነግረን ይፈልጋል። እኔ ግን ብረት መሆን ነበር ያማረኝ። ወርቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ማረሻ የሚሠራው ከብረት ነው።

የልጁን አባባል ብዙ አስቤበታለሁ። አማርኛ የለመደ አፍ ሌላ ቋንቋ ሲናገር ቅላጼው ያጋልጠዋል አይደል? ሰውነትም ቅላጼ አለው። እስክስታ ያደገበት ሰው ምት ሲሰማ ደረቱና ትከሻው ቀድመው ይመልሳሉ፤ እግሩ ቆሞ ይጠብቃል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ምቱ የሚነሳው ከእግር ነበር፤ ጭብጨባ ይይዘዋል፣ ድምፅ ይጨርሰዋል። ትከሻዬን ዝም ለማሰኘት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ባለቤቴ ሳህን ሳጥብ ቆማ ታየኝና «ትከሻህን ምን ነካው?» ትለኛለች። አስሬው ነው እላታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከመካከላችሁ አማርኛ ዘፈን ሰምቶ የማያውቅ የለም። በሠርግም፣ በለቅሶም፣ በአውድማም አንድ አውራጅ አለ፤ ሌላው ተቀባይ ነው። አውራጁ ግጥሙን ይጥላል፣ ተቀባዩ አዝማቹን ይመልሳል። ቡድኑ እኔን ያስቀመጠኝ ከተቀባዮች ጫፍ፣ በሩ አጠገብ ነው። «ለጊዜው ያጨብጭቡ፣ ይቀበሉ» ተባልኩ። ሦስት ወር ሙሉ። ቅር ብሎኝ ነበር፤ አልደብቃችሁም። ስድስት ደቂቃ ብቻዬን ያስጨበጨብኩ ሰው ከበር ሥር ቆሜ በማላውቀው ቋንቋ አንዲት ቃል ልመላልስ?

አንድ ማታ ግን ቋንቋዬ ራሱ ነገረኝ። በአማርኛ አንድ ሰው ኅብረተሰቡ ሲወደው «ተቀባይነት አገኘ» እንላለን። ዕድሜዬን ሙሉ ቃሉን የምረዳው «ሌሎች ተቀበሉት» በሚል ብቻ ነበር። ቃሉ ግን «ተቀባይ» ከሚለው ነው የወጣው። ተቀባይነት የተቀባይ ሹመት ነው ብዬ ብተረጉመው የሰዋስው መምህራን ይቆጡኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ነው የማነበው። ሰው ተቀበለኝ የሚባለው፣ አንድ አውራጅ ሲጥል በሰዓቱ የመለሰ ሰው ሲሆን ነው።

የሰዓቱም ነገር ቀላል አይደለም። ተቀባይ ሲዘገይ ዘፈኑ ይንጠለጠላል፤ ሲቸኩል አውራጁን ያቋርጣል። እኔ ሁልጊዜ እዘገይ ነበር፤ ምክንያቱም የሰዎችን እግር እያየሁ ነበር የምከተለው። እግርን አይተው ሲከተሉ ምቱ አልፏል። ይህን ያረመኝ ማን መሰላችሁ? ሆሳዕና ውስጥ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዳላት ታውቃላችሁ። በመጀመሪያው ያሆዴዬ አደባባይ ላይ አንድ በምልክት ቋንቋ የሚግባባ ወጣት ከጎኔ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር፤ አንድም ጊዜ አልሳተም። እኔ ጆሮ እያለኝ እየተደናበርኩ ነው። አየኝና አገጬን በጣቱ ቀና አደረገው። ከእግሮቹ ላይ ዓይኔን አንስቶ ወደ አውራጇ ደረት አመለከተኝ። ልትጥል ስትል ትንፋሽ ትስባለች፤ ደረቷ ይነሳል። ሌላው ሁሉ የሚዘጋጀው በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የማየው እግር ሳይሆን ትንፋሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልጠቁም። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ዓለምን የዞረው የ«ሕዝብ ለሕዝብ» ቡድን ተወዛዋዦች በአንድ ምሽት የብዙ ሕዝቦችን ውዝዋዜ ያሳዩ ነበር፤ ትልቅ ሙያ ነው፣ አከብረዋለሁ። መድረክ ግን ተመልካች አለው። ያሆዴ ላይ ተመልካች የለም፤ አውራጅ ያልሆነው ሁሉ ተቀባይ ነው። የእኔ ስሕተት የመድረክ ዕውቀት ይዤ መድረክ ወደሌለበት ቦታ መግባቴ ነበር።

ትልቁን ስሕተቴን ገና አልነገርኳችሁም። እሱ የደረሰው ከምባታ ነው።

ቡድናችን በከምባታ በዓል፣ በመሳላ ሰሞን ወደ ዱራሜ ተጋበዘ። በአንጋጫ በኩል ስንሄድ የሃምበሪቾ ተራራ ከሩቅ ይታይ ነበር፤ ልጆቹ 777ቱን ደረጃ ማን ይወጣል እያሉ ይወራረዱ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ «ሀድያን ለምጃለሁ፤ ከምባታ ጎረቤት ነው» ብዬ ልቤ አብጦ ነበር። ሀድይሳና ከምባትሳ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሲዳምኛም፣ ጌዴኦኛም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። እኅትማማች መሆን ግን አንድ መሆን አይደለም። አማርኛና ትግርኛ እኅትማማች መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ይህን ሊያውቀው ይገባ ነበር።

ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነበር። የመምህር አመል ነው። የዘፈኖቹን አዝማች ወጣቶቹን እየጠየቅሁ በፊደል ጽፌ እለማመዳለሁ። ማታ ላይ አንድ አዛውንት እናት ከተቀባዮቹ ጋር ሲዘፍኑ ሰማሁ፤ አንዷን ቃል በሌላ ቃል ይተኳታል። አንዴ የተሳሳቱ መሰለኝ፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተኳት። እኔ ዐዋቂው ጠጋ ብዬ፣ ደብተሬን ገልጬ፣ «እማማ፣ ቃሉ እኮ ይህ ነው» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጭብጨባው ቆመ። እማማ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አንድ ሰው ትከሻዬን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ።

ጉዳዩ ባሊሻ ይባላል። በከምባታ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። በዚህ አያበቃም፤ በስማቸው መነሻ ክፍለ ቃል የሚጀምረውን ሌላ ቃል ሁሉ ትሸሻለች፤ በምትኩ ሌላ ቃል ታስገባለች። ቋንቋውን ያጠኑ ምሁራን በስፋት ጽፈውበታል፤ ዛሬ ወጣት ሴቶች እየተዉት ነው እንጂ ለእነዚያ እናት ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ክብር ነው። እኔ ስሕተት ያልኩት ቃል አማታቸውን ያከበሩበት ቃል ነበር። እኔ በሕዝብ ፊት፣ በደብተር፣ የማይጠራውን ጠራሁባቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌ ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እማማ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ አንተ ምን ታውቃለህ» አሉኝ፤ ቡና አፈሉልኝ፣ ቆጮ በአይብ አቀረቡልኝ። ከእኔ ይልቅ ስለ ነገሩ የተጨነቀ ሰው አልነበረም ይሆናል። ግን አስቡት፤ እማማም አንድ ቀን ሙሽራ ነበሩ፤ ያቺ ሙሽራ ገና በልጅነቷ ሰው ቤት ስትገባ፣ ቋንቋዋን ሳይቀር ለዚያ ቤት ብላ አጠፈች። ሰው ቤት መግባት ምን እንደሆነ ከእኔ በብዙ እጥፍ ታውቅ ነበር። ከእሷ መማር የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን አረምኳት። ደብተሩን ከዚያ ወዲህ ልምምድ ላይ ይዤ አልገባም። ስልክም ቢሆን፤ ለወጣቶቹ የምለው ይህን ነው፤ ገና በገባችሁበት ቀን ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ። የሚቀርጽ ሰው እጁ ተይዟል፤ አያጨበጭብም።

አሁን የማነሳው ነገር ለእኔ ዓይነት ሰው፣ ከሰሜን ለመጣ አማርኛ ተናጋሪ፣ ለመናገር ቀላል አይደለም፤ ግን ሳልነካው ባልፍ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። ይህች ከተማ ዋቸሞ ነበረች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ራስ አባተ ቧያለው መጥተው የሰፈሩበት ቀን የሆሳዕና በዓል ስለ ነበር «ሆሳዕና» ተባለች ይባላል። መጪው እንግዳ የቦታውን ስም ጠይቆ መቀበል ይችል ነበር፤ እሱ ግን ስም አወጣ። እንግዳ በገባበት ቀን አውራጅ ሲሆን ማለት ይህ ነው። እኔ በዚያች የመጀመሪያ ቅዳሜ ስድስት ደቂቃዬን ሳወርድ፣ መጠኑ ቢለያይም፣ ያደረግሁት ይኸንኑ ነው፤ ሳልጠየቅ አወረድኩ። ዩኒቨርሲቲያችን ዋቸሞ መባሉ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። እንግዲህ ታሪክ ደግሞ ቀልድ ያውቃል፤ የወጣው ስም ራሱ የተቀባዮች ቃል ሆነ። ሆሳዕና በዘንባባ በመንገድ ዳር ቆመው የሚመጣውን የተቀበሉ ሰዎች ጩኸት ነው።

ከታሪካችን የምወደው እንግዳ ቻርልስ ሰተን የሚባል አሜሪካዊ ነው። እሱ የተጫወተበትን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በ1963 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ነበር፤ ከየአካባቢው መጥተው አብረው ተጫውተው የማያውቁ ባለሙያዎችን፣ የክራሩንም፣ የመሰንቆውንም፣ የዋሽንቱንም፣ የበገናውንም፣ በአንድ ያሰባሰበ ቡድን ነው። ኋላ በተስፋዬ ለማ ተመራ። ሰተን በ1966 እ.ኤ.አ. የሰላም ጓድ አባል ሆኖ መጣ። ፒያኖ የሚችል፣ የተማረ ሰው ነበር፤ እንደዚያ ዘመን ልማድ ቢሆን ኖሮ ለእኛ ሙዚቃ ሊያስተምር በቻለ። እሱ ግን የመሰንቆ ሊቁ ጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ተቀመጠ። አንድ ጅማት ባላት መሰንቆ ጀማሪ ሆነ። ቀስ ብሎ ከኦርኬስትራው ጋር ተጫወተ፤ በአማርኛም ዘፈነ። በ1969 እ.ኤ.አ. የኦርኬስትራው አባላት «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ሲዞሩ አብሯቸው ነበር። አስቡት፤ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው የራሱን አገር ሰው ፊት ቆሞ የሌላ አገር ሙዚቃ አስተዋዋቂ ሆነ። ያን ጊዜ ግን ጌታመሳይም መድረኩ ላይ ነበሩ። መምህሩ ባለበት የሚጫወት ተማሪ ብዙ አይታበይም።

በሌላው ዓለምም የእንግዳ ሕጉ ያው ነው፤ ባይጻፍም ይከበራል። በባልካን አገሮች ሰው ተያይዞ በሰልፍ ይጨፍራል። አዲስ ገቢ ሰልፉን መሀል ላይ ሰብሮ አይገባም፤ ጭራው ላይ ይያያዛል። የፊተኛው ቦታ የመሪ ነው። ቦነስ አይረስ የታንጎ ምሽት ላይ ደግሞ ወንዱ ሴቷ ጠረጴዛ ድረስ ሄዶ እጅ አይዘረጋም፤ ከሩቅ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ አንገት ይነቀነቃል፣ ያኔ ይነሳሉ። ካልፈለገች ዓይኗን ትመልሳለች፤ ማንም አላፈረም። ይህን የማያውቅ እንግዳ ጥሩ ተወዛዋዥ ቢሆን እንኳ ሌሊቱን ወንበር ላይ ያሳልፋል። የእኛ አገሩም እንዲሁ ነው፤ ጉራጌ ላይ ሌላ፣ ወሎ ላይ ሌላ ዓይነት የመጋበዣ ምልክት አለ። ጠይቁ እንጂ አትገምቱ።

የመግቢያው ነገር ደግሞ መዋጮ አለው። እናቶቼ ዊጆን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሴቶቹ በየሳምንቱ ቅቤ ያዋጣሉ፤ ተራዋ የደረሳት ትወስዳለች። ወንዶቹም ለያሆዴ በሬ በቱታ ገንዘብ ያጠራቅማሉ። ቅቤ ሳታመጣ ተራዬ ደረሰ የምትል ሴት የለችም። እኔ ለቡድኑ ምን አመጣሁ? ጭፈራ አይደለም፤ በእሱ ተበዳሪ ነበርኩ። የሒሳብ መዝገባቸው የተዘበራረቀ ነበር፤ የሻይ፣ የከበሮ ጠፍር፣ የመኪና ኪራይ። «እስቲ እኔ ልያዘው» አልኩ። ዛሬ ድረስ ገንዘብ ያዥ ነኝ። የባንክ ሠራተኛ እያለ ለምን እኔ እንደሆንኩ አልጠይቅም። አንድ ሰው ከነሱ አንዱ የሚሆነው ቡድኑ ያለ እሱ አንዲት ነገር ስትጎድለው ነው፤ ቅዳሜ ስቀር «ገንዘቡስ?» ብለው ይደውሉልኛል። መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ነበር የሚደውሉት። አሁን «ምነው አመመዎት?» ይላሉ፣ ከዚያ ስለ ገንዘቡ።

መላመድ የውጭ ሰው ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቡድኑ ውስጥ እዚሁ የተወለደች፣ አባቷም እናቷም ሀድያ የሆኑ አንዲት ልጅ አለች። በቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት። የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን ወደዚህ አካባቢ የመጡት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች ወንጌልን ሲቀበሉ የበዓሉን ጭፈራ ከመጠጡና ከቀድሞው አምልኮ ጋር አብረው ትተዋል። የልጅቷ አያት ከተዉት መካከል ናቸው። እሷ በሩ ላይ ቆማ ታጨበጭባለች፤ ወደ ክቡ አትገባም። ቡድኑ አያስገድዳትም፤ «ጭብጨባዋ ከሁላችንም ይበልጣል» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ከርሷ አጠገብ ነበር የተመደብኩት። አንዱ ወደ ውስጥ ለመግባት የሚታገል፣ ሌላዋ ባለችበት ለመቆየት የምትጸና፤ ጎን ለጎን ሦስት ወር አጨበጨብን።

አሁን ደግሞ እስቲ እናንተን ልጠይቅ። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ወንድም፣ እኅት ወይ ጎረቤት የሌለው ሰው እጁን ያውጣ። አያችሁ፤ አንድም እጅ አልወጣም። ከሀድያና ከከምባታ ወደዚያ የሄደውን ልጅ ብዛት እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ እዚህ እንግዳ እንደሆንኩ ሁሉ የእናንተ ልጆች እዚያ እንግዶች ናቸው። ጆሃንስበርግ ጄፔ መንገድ ላይ ዓመታት ኖሮ የተመለሰ አንድ ሰው እንዲህ አጫወተኝ። ሱቁ ካለበት መንደር ጎረቤቱ ልጁን ሲድር ጠራው። መጨፈሩን ትቶ ከኋላ ቆሞ አጨበጨበ፤ እነሱ ሲዘፍኑ መጨረሻዋን ድምፅ ይዞ መለሰ። በማግሥቱ «አንተ ባለሱቁ» ይሉት የነበሩ ሰዎች በስሙ ጠሩት። ዓመታት ሲኖር ስሙን ጠይቀውት አያውቁም ነበር።

ይህን ታሪክ ስነግራችሁ ጭፈራ ጋሻ ነው እያልኩ አይደለም። በግንቦት 2008 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሳው ጥቃት ማን ዘፈን ያውቃል፣ ማን አያውቅም ብሎ አልጠየቀም። በእኛም አገር ጎረቤትን ከጎረቤት የለየ ክፉ ቀን አይተናል፤ ትናንት አብሮ የጨፈረ ሰው ዛሬ በሩን የዘጋበት። ስለዚህ «አብረን ከጨፈርን ሁሉ ይስተካከላል» የሚለውን የመድረክ ንግግር አልወደውም። ጭፈራ የሚያደርገው ነገር ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው ስምህን እንዲያውቅ ያደርጋል።

ከተማችን የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከየዞኑ የሚመጣው ሠራተኛ በዝቷል። ቅዳሜ ልምምዳችን ላይ ከወልቂጤ፣ ከወራቤ፣ ከቁሊቶ የመጡ አዳዲስ ፊቶች አያለሁ። ከአዲስ ገቢዎቹ አንዱ ባለፈው ያሆዴ ዋዜማ የሆነውን ነግሬያችሁ ልቀመጥ።

ሰውየው የመጣው ግን ከእነዚያ ከተሞች አልነበረም፤ ከእኔው አገር፣ ከጎጃም ነው። ገና አንድ ወሩ ነው። ያን ቀን አደባባዩ ሞልቷል፤ ብርዱ ቢኖርም ሰው ይሞቃል። አውራጇ ከፊት ቆማለች። አዲሱ ሰው ከአጠገቤ ቆሞ ምቱ ሲመታ ትከሻው ብቻውን ይነሳል፣ ይወርዳል። አየሁትና የራሴ ትከሻ ናፈቀኝ፤ እውነቴን ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መምህር፣ መቼ ነው ገብቼ የምጨፍረው?» አለኝ።

ሦስት ወር ስለቆምኩባት በር፣ ስለ ዱራሜዋ እማማ፣ ስለ ደብተሩ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አውራጇ ትንፋሽ ሳበች፤ ደረቷ ተነሳ። እሱን ተውኩትና ተቀበልኩ።